ቡችላው ልጄን ነከሰው፤ ሲያድግ ተናካሽ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «5 ሳምንት ሲሆነው ከመንገድ ዳር ሻጭ የገዛነው የጀርመን ሸፐርድ ዲቃላ ቡችላ አለን። አሁን 10 ሳምንት ሆኖታል። ጠዋት ጠዋት ጨዋ ነው። አመሻሽ ላይ ግን እንደ እብድ ያደርገዋል። እጅ፣ እግር፣ የቀሚስ ጫፍ፣ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል። የ8 ዓመቷ ልጄ ትቆጣዋለች። የ4 ዓመቱ ግን እየጮኸ ይሮጣል፤ እሱም ይከተለዋል። ትናንት ቁርጭምጭሚቱን ነክሶት ትንሽ ደም ወጣው። ጎረቤታችን አፍንጫውን በስሊፐር በሉት ይላሉ። ባለቤቴ ደግሞ ‹ለግቢ ጥበቃ ነው የገዛነው፤ መንከስ ካስተውነው ምን ሊሠራልን ነው?› ይላል። እኔ ግን ከአሁኑ እንዲህ የሆነ ሲያድግ ልጆቼን ይጎዳብኛል ብዬ ፈርቻለሁ። መልሰን ለሻጩ እንስጠው?»

ምላሽ፦ በቅድሚያ የደሙን ጉዳይ እንጨርስ። ልጁን እስካሁን ሐኪም ካላየው ማንበቡን ትተው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከመውጣትዎ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። ትናንት ታጥቦ ከሆነም ዛሬ ይደገም። ቡና፣ አመድ ወይም ቅጠል አይነስነስበት።

«ቡችላ ስለሆነ ምንም የለውም» የሚባለው ልክ አይደለም። ቡችላም በታመመ ውሻ ከተነከሰ በእብድ ውሻ በሽታ ይያዛል፤ ያስተላልፋልም። የእርስዎ ቡችላ ከመንገድ ዳር የተገዛ ነው። እናቱ ትከተብ አትከተብ አይታወቅም። እሱም ገና አልተከተበም ብዬ እገምታለሁ፤ ይህ ክትባት ለቡችላ በአብዛኛው የሚሰጠው 3 ወር ሲሞላው ነውና። ይህ ቡችላ ታሟል እያልኩ አይደለም። የጻፉልኝ ነገር ሁሉ ልፊያ እንደሆነ ያሳያል። ነገር ግን የበሽታው ምልክት አንዴ በሰው ላይ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይመጣ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ስለዚህ ክትባት ይጀመር አይጀመር የሚለውን የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው። ጠበል የሚወስዱት ከሆነም ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ በክትባቱ ፈንታ አይሁን።

ቡችላውን ደግሞ ለ10 ቀን ከግቢ አያውጡት፤ ለማንም አይስጡት። በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። ያኔ ሐኪሙ የተጀመረውን ክትባት ሊያስቆም ይችላል። በመሀል ከታመመ፣ ከሞተ ወይም ከጠፋ በዚያው ቀን ለጤና ጣቢያው ይንገሩ። እንግዲህ «ለሻጩ እንመልሰው?» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ ለ10 ቀን ተዘግቷል። ከዚያ በኋላም ቢሆን መልሴ «አይመለስ» ነው። ምክንያቱን ልንገርዎ።

የ10 ሳምንት ቡችላ መንከሱ ተናካሽ አያሰኘውም። ቡችላ ዓለምን የሚያውቀው በአፉ ነው። የእኛ ሕፃን ሁሉን ነገር በእጁ እንደሚዳስስ እሱ ሁሉን በጥርሱ ይሞክራል። ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ዕድሜው 28 የወተት ጥርሶች ያበቅላል። እንደ መርፌ የሾሉ ናቸው። መንጋጋው ግን ገና ደካማ ነው። ይህ መገጣጠም ጥቅም አለው። ጥርሱ ስለሚያም የተነከሰው ወዲያው ይሰማዋል። መንጋጋው ደካማ ስለሆነ ደግሞ ከባድ ጉዳት አይደርስም። ስለዚህ ቡችላው «ይህን ያህል ስነክስ ያማል» የሚለውን ትምህርት ብዙ ሳይጎዳ መማር ይችላል።

መምህሮቹ እናቱና ወንድሞቹ ናቸው። ሁለት ቡችላዎች ሲላፉ አንዱ አጥብቆ ከነከሰ ሌላው ይጮሃል፣ ጨዋታውንም ጥሎ ይሄዳል። ነካሹ ብቻውን ይቀራል። ብቻውን መቅረት ለቡችላ ትልቅ ቅጣት ነው። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ሲደጋገም መንጋጋውን መቆጣጠር ይለምዳል። ትምህርቱ የሚጠነክረው ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እናንተ ቡችላውን የወሰዳችሁት በ5ኛው ሳምንት ነው። ዋናው ችግር ይኸው ነው እንጂ ዘሩም ክፋቱም አይደለም። በየመንገዱ የሚሸጡ ቡችላዎች አብዛኞቹ ከእናታቸው የሚለዩት ያለ ጊዜያቸው ነው፤ ሻጩ ትንሽና የሚያምር ሲሆን ቶሎ እንደሚሸጥለት ያውቃል። ቡችላ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህን ቢያነብ፣ 8 ሳምንት ያልሞላውን እንዳይወስድ አጥብቄ እመክራለሁ። የእርስዎ ግን አንዴ መጥቷል። የቀረውን ትምህርት የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ።

አመሻሽ ላይ የሚያደርገውን እብደት በተመለከተ፣ በአብዛኛው ድካም ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት መተኛት አለበት። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ይህን የሚያገኝ ጥቂቱ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ይመጣሉ፣ ያቅፉታል፣ ያሳድዱታል፣ እንግዳ ይገባል። እንቅልፍ ያጣ ቡችላ ተጋድሞ አይተኛም፤ ይባስ ብሎ ይፈነጫል፣ ይነክሳል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ጉልበት በዝቶበት ነው» ይልና ጨርሶ እስኪዝል ያሯሩጠዋል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከነቃ በኋላ ጸጥ ወዳለ ቦታ ወስደው ያስተኙት። ካርቶንና አሮጌ ብርድ ልብስ ይበቃል። ልጆች የማይደርሱበት ጥግ ይሁን። በተለይ ከ10 ሰዓት በፊት በደንብ ከተኛ የምሽቱ ንክሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲቀንስ ያያሉ።

ወደ ባለቤትዎ ጥያቄ ልምጣ፤ ብዙ አባወራ የሚጠይቀው ነው። የጨዋታ ንክሻ ከጥበቃ ጋር አይገናኝም። ቡችላው የልጅዎን ቁርጭምጭሚት ሲነክስ ግቢ እየጠበቀ አይደለም፤ እየተላፋ ነው። የጥበቃ ስሜት የሚመጣው ውሻው ሲበስል፣ በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እንግዳ ሰው በር ላይ ሲቆም መጮህ ደግሞ የጀርመን ሸፐርድ ደም ያለበትን ውሻ ማስተማር አያሻም። ሌባን የሚያርቀውም በአብዛኛው ጩኸቱ ነው። አፉን መቆጣጠር ያልተማረ ውሻ ሌባና እንግዳ አይለይም። የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን፣ ኳስ ሊያወጣ የገባውን የጎረቤት ልጅ፣ ለበዓል የመጡትን አያት ይነክሳል። ሕጉም ግልጽ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠ ቢሆንም እንኳ። ለባለቤትዎ ይህን ያንብቡላቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ልማዶችን ላንሳ። ውሻን ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰር ጥሩ ጠባቂ ያደርገዋል ይባላል። ከሰው ጋር መኖር ያልለመደ፣ ፈሪና ብስጩ ውሻ ነው የሚያደርገው። ጥሬ ሥጋ ከበላ ይናከሳል የሚባለውም መሠረት የለውም። ጥሬ ሳንባና ጉበት አይስጡት የምለው በሌላ ምክንያት ነው፦ ከታረደ ከብትና በግ ጥሬ የሆድ ዕቃ ውሻው ጥገኛ ትል ይይዛል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ወደ ልጆች ከተላለፈ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ሊያመጣ ይችላል። ቀቅለው ይስጡት።

ጎረቤትዎ የመከሩትን አያድርጉ። በስሊፐር አፍንጫውን መምታት፣ አፉን በእጅ ጨብጦ ማፈን፣ ምላሱን መጫን፣ ሚጥሚጣ መቀባት፣ ጆሮውን መንከስ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። አንዳንዱ ቡችላ ጨዋታው የጋለ መስሎት የባሰ ይነክሳል። ሌላው ደግሞ ወደ እሱ የሚመጣ እጅ ሁሉ ሊመታው የመጣ ይመስለዋል። በኋላ ልጅዎ ሊዳብሰው እጁን ሲዘረጋ ቀድሞ ይነክሳል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ ማጉረምረሙን ያስተዉት ውሻ ፍርሃቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ነው። እንዲህ ያለው ውሻ ነው አንድ ቀን «ያለ ምንም ምክንያት» ነከሰ የሚባለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በአሜሪካ የሠራው እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪምና የባሕርይ ባለሙያ ኢያን ደንባር በስፋት ያሳወቀው ቅደም ተከተል አለ፤ እኔም የምከተለው እሱን ነው። መጀመሪያ የንክሻውን ኃይል መቀነስ፣ ቀጥሎ የንክሻውን ብዛት መቀነስ። አብዛኛው ሰው ሁለተኛውን ብቻ ይፈልጋል፤ ጥርሱ ሰው እንዳይነካ በቃ። ችግሩ፣ ጥርሱ ሰው ነክቶ የማያውቅ ቡችላ ምን ያህል ሲጫን እንደሚያም አይማርም። የቱም ጨዋ ውሻ ክፉ ቀን አለው። በር ጭራው ላይ ይዘጋበታል፣ ተኝቶ ሳለ ሕፃን ይወድቅበታል፣ ቁስሉን ይነኩበታል። ያን ቀን ደንግጦ አፉን ሲወረውር፣ ቆዳውን ነክቶ ብቻ የሚመለሰውና እስከ አጥንት የሚዘልቀው የሚለዩት በቡችላነታቸው በተማሩት ነው። ይህን ትምህርት ከ4 ወር ተኩል እስከ 5 ወር ሳይሞላው መጨረስ አለበት። ከዚያ በኋላ መንጋጋው ይጠነክራል፤ በአዋቂ ውሻ ላይ መጀመር ከባድም አደገኛም ነው። እናንተ ገና ሁለት ወር አላችሁ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከእርስዎ ወይም ከባለቤትዎ አንዳችሁ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ተጫወቱት። ለስለስ አድርጎ እጅዎን ቢይዝ ለጊዜው ይለፉት። ሲያጠብቅ አጭር «አይ!» ይበሉና እጅዎን ያደንዝዙት። አይጎትቱ፤ የሚሮጥ እጅ የሚሮጥ አይጥ ነው፣ ይከተለዋል። ቀስ ብለው ይነሱ፣ ከክፍሉ ይውጡ፣ ወይም በሩን መለስ ያድርጉ። ከ20 እስከ 30 ሰኮንድ ይበቃል። ከዚያ ሳይቆጡ ተመልሰው ጨዋታውን ይቀጥሉ። መመለሱ የትምህርቱ ግማሽ ነው፤ ለስላሳ አፍ ጨዋታ እንደሚያስቀጥል የሚገባው ያኔ ነው። እየተከተለ እግርዎን የሚነክስ ከሆነ አስቀድመው ቀለል ያለ ገመድ ከጠረጴዛ እግር ጋር ያስሩትና እርስዎ ከሚደርስበት ውጪ ይቁሙ። ገመዱ ለዚህች ደቂቃ ብቻ ነው፤ ብቻውን ታስሮ አይተው። ሽንት ቤት ወይም ጨለማ ክፍል መቆለፍም አያስፈልግም። ከግማሽ ደቂቃ በላይ ሲቆይ ለምን እንደተተወ ይረሳዋል።

ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ጠንካራው ንክሻ ሲቀንስ መስፈርቱን ያጥብቁ። ትናንት ያለፉትን መካከለኛ ንክሻ ዛሬ አይለፉት። በመጨረሻ ጥርሱ ቆዳ ሲነካ ሁሉ ጨዋታው ይቆማል። እንደ ቡችላ መጮህ ይሠራል ወይ የሚሉ አሉ። ለአንዳንዱ ይሠራል፤ ሌላውን የባሰ ያግለዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክሩት። ከደነገጠና ካፈገፈገ ይቀጥሉ። ከተነቃቃ ይተዉት፤ ዝም ብለው መውጣትዎ ይበልጣል።

አፉ ሥራ ይፈልጋል። የሚነክሰው ነገር ሳይሰጡ «አትንከስ» ማለት አይሠራም። አሮጌ ጨርቅ ቋጥረው፣ አርጥበው፣ ፍሪዘር ውስጥ አቆይተው ይስጡት። ድዱን ያበርድለታል። ወፈር ያለ ካሮትም ጥሩ ነው፤ ሲበላ ግን ይጠብቁት። አሮጌ ጫማ አይስጡት። አሮጌውንና ለሠርግ የገዙትን አይለይም። የበሰለ የዶሮ አጥንት ፈጽሞ አይስጡት፤ ተሰንጥቆ አንጀቱን ሊወጋው ይችላል። ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ የወተት ጥርሶቹ እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። እስከ 6 ወይም 7 ወር የሚዘልቅ ነው። በዚያ ወቅት ድዱ ስለሚበላው ማኘኩ እንደገና ይጨምራል። ትምህርቱ ከሽፏል ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

አሁን ወደ ልጆቹ። እላይ የጻፍኩት የኃይል ትምህርት የአዋቂ ሥራ ነው። በልጆቹ ላይ የሚያርፍ ንክሻ ከዛሬ ጀምሮ ዜሮ መሆን አለበት። የ4 ዓመት ልጅ መምህር መሆን አይችልም። ሲነከስ ይጮሃል፣ ይሮጣል፤ ለሸፐርድ ዘር ደግሞ የሚሮጥ እግር መከተልና መንከስ ተፈጥሮው ነው፤ በግ ሲጠብቅ የኖረ ዘር ነውና። ስለዚህ ትንሹና ቡችላው ብቻቸውን ለአንዲት ደቂቃም አይተዉ። ቡና ልታፈሉ ዞር ካላችሁ ቡችላው ከበር ወዲያ ይሁን። ለልጁ «ዛፍ ሁን» የሚል ጨዋታ ያስተምሩት። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እጁን ደረቱ ላይ ያጣምራል፣ ወደ ላይ ያያል፣ ዝም ይላል። ቡችላው በሌለበት ደጋግማችሁ ተለማመዱት። የማይንቀሳቀስ ዛፍ ቶሎ ይሰለቸዋል። ምሽት ላይ ረጅም ሱሪና ካልሲ ይልበስ። ይህ ብቻውን የዕለቱን ለቅሶ ይቀንሳል።

የ8 ዓመቷ ግን ድርሻ አላት። መቆጣቱን ትተው። እርስዎ አጠገቧ ቆመው፣ ቡችላው ሲቀመጥ ብቻ አንድ ፍሬ ምግብ መሬት ላይ ትጣልለት። ከእጅ ሳይሆን ከመሬት እንዲያነሳ። በጥቂት ቀናት ውስጥ እሷን ሲያይ መዝለሉን ትቶ መቀመጥ ይጀምራል። እንደ እኔ እምነት ልጅና ውሻን የሚያስማማ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ቤተሰቡ በሙሉ አንድ ሕግ ከያዘ ነው። እርስዎ እጅዎን እያስተዉት አጎት መጥቶ በእጁ እያላፋው «ይሄ ነው ወንድ!» ካለው፣ ቡችላው የሚማረው አንዳንዴ መንከስ እንደሚያዋጣ ነው። አንዳንዴ የሚያዋጣ ነገር ደግሞ በቀላሉ አይተውም። ባለቤትዎንም እንግዳውንም ጨምሮ በእጅ መላፋት ይቅር። ቁርጥ ያለ ምክሬ ይህ ነው፦ ቡችላውን አስቀሩት፣ ለ3 ሳምንት ያለ ምንም ልዩነት ይህን ሥሩ፣ ትንሹን ልጅ ደግሞ በዓይናችሁ ጠብቁት። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ቡችላውንና ልጁን የሚለይ አዋቂ የማይኖር ከሆነ ግን ሐሳቤ ይለወጣል። ያኔ 10 ቀኑ ሲያልቅ ትንሽ ልጅ የሌለበት ቤት ፈልጉለት፤ ወደ ሻጩ አይመለስ።

ጨዋታና ቁጣ ይለያያሉ። የሚጫወት ቡችላ ሰውነቱ ልል ነው። ደረቱን መሬት አስነክቶ ከኋላው ይነሳል፣ ይዘላል፣ ይሸሻል፣ ይመለሳል። ሲላፋ ቢያጉረመርምም አያሳስብም። ሰውነቱ ድንገት ድርቅ ካለ፣ ዓይኑን ካፈጠጠ፣ ከንፈሩን ገልጦ በዝግታ ካጉረመረመ ግን ያ ሌላ ነው። በተለይ የምግብ ሳህኑ ወይም አጥንቱ ዘንድ ሰው ሲደርስ እንዲህ ካደረገ አይንጠቁት፤ ልጆቹንም ያርቁ። ከሩቅ የተሻለ ነገር እየወረወሩለት ሰው ወደ ሳህኑ ሲጠጋ ጥሩ ነገር እንደሚመጣ ያስለምዱት። ሲነኩት የሚጮህ፣ ምግብ የሚጠላ፣ ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ የማያሳይ ከሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂዱ። ሕመም ያለበት ቡችላ ይነክሳል፤ ሕመሙን ደግሞ ሥልጠና አይፈታውም።

ለማንኛውም 10 ቀኑ ሲያልቅ መሄድዎ አይቀርም። የትል መድኃኒቱን ያስጀምሩት፣ የሌሎቹን የቡችላ ክትባቶች ቀን ይጠይቁ፣ 3 ወር ሲሞላውም የእብድ ውሻ ክትባቱን አስወግተው የክትባት ካርዱን ከልጆቹ የጤና ካርድ ጋር ያስቀምጡት።